ንባቡ ሳይታወቅ ትርጓሜ፤ ከዋክብትን በመነጽር ስለ ማየትና ፎቶግራፋቸውን ስለ ማንሣት

በሐዋሳ ከተማ ሐይቅ ዳር በሚባለው ሰፈር፣ ፀሐይ ከውሃው ማዶ ከገባች በኋላ ሕዝቡ ለነፋስ በሚወጣበት ሰዓት፣ ስለ ሰማይ ነገር የሚወዱ ሰዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ክርክራቸው የሐዋሳ ብቻ አይደለም፤ በአዲስ አበባም፣ በውጭ አገርም፣ ቴሌስኮፕ የሚባለው የሩቅ ማያ መነጽር ባለበት ሁሉ የሚሰማ ነው። አንደኛው ወገን፦ ከዋክብትን በመነጽር አሻግሮ በዓይን መመልከት ያለፈበት ሥራ ነው፤ ካሜራ ከመነጽሩ ጋራ ተገጥሞ ዓይን ከቶ የማያየውን ብርሃንና ቀለም ሲያወጣ፣ በጨለማና በብርድ ቆሞ ግራጫ ጭጋግ ማየት ከንቱ ድካም ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፦ ፎቶግራፉ የተኳለና የተቀባ ነገር ነው፤ ሰው በዓይኑ ያላየውን አይመን ይላል። ሁለቱም ስተዋል። ነገር ግን የፊተኛው ስሕተት ከኋለኛው ይልቅ የሚጎዳና የሚበዛ ስለ ሆነ፣ ብዙው ቃል የሚነገረው በእርሱ ላይ ነው።

ነገሩ የሥራ ፈቶች ክርክር አይምሰል። መቶ መነጽር ባለበት አገር ሃምሳው ለዓይን፣ ሃምሳው ለካሜራ ቢሆን ማንም አይጎዳም። አንድ መነጽር ብቻ ባለበት ከተማ፣ አንድ መነጽር ስንኳ በሌለበት ትምህርት ቤት ግን፣ ሌሊቱ ለማን ይሁን? ገንዘቡስ ለምን ይዋል? የሚለው ጥያቄ የዳኝነት ነገር ነው። አንድ ፎቶግራፍ ለማንሣት መነጽሩ ሁለትና ሦስት ሰዓት በአንድ ኮከብ ላይ ተተክሎ ይቆማል፤ በዚያውም ጊዜ ማንም ዓይኑን ሊያስጠጋ አይችልም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ስልሳ ልጅ በየተራው የሳተርንን ቀለበት ባየ ነበር። ስልሳው ልጅ ቆሞ የሚያየው ግን የካሜራውን ጀርባ ነው፤ በማግሥቱም አንድ ሥዕል በየስልኩ ይላክለታል። እርሱም ሥዕል በአሜሪካ በዚያው ሌሊት ከተነሣው አንድ ሺህ ሥዕል የሚለይበት ነገር የለውም።

የካሜራው ወገን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ክስ የዓይንን ድካም ነው፤ ይህም ክስ እውነት አለበት። የሰው ዓይን ብርሃንን የሚያጠራቅመው ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ ለሚያህል ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ የፊተኛውን ትቶ አዲስ ይቀበላል። ካሜራ ግን እንደ እንስራ ነው፤ ጠብታውን ለሰዓታት ያጠራቅማል። ዳግመኛም ዓይን በጨለማ ቀለም አይለይም። ስለዚህ በመጽሐፈ ኢዮብ ስሙ በተነሣው በኦሪዮን ከሦስቱ ኮከቦች በታች ያለው ደመና መሰል ብርሃን በፎቶግራፍ እንደ ሮማን ቀልቶ ሲወጣ፣ በመነጽር ለሚያየው ሰው አመድ መስሎ ይታየዋል። ይህን ያየ እንግዳ፦ ለዚህ ነውን የጠራችሁኝ? ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ከሳሹ የሚያውቀውን ያህል የማያውቀው አለ። ዓይን ጨለማውን ለመልመድ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይፈልጋል። በዚህ መካከል አንድ ሰው ስልኩን ቢያበራ፣ ልምዱ ፈርሶ እንደ ገና ከመጀመሪያ ይቆጠራል። የለመደ ተመልካች ደግሞ ደካማውን ብርሃን ፊት ለፊት አያፈጥበትም፤ ጥቂት ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ያያል፤ ምነው ቢሉ፣ ደካማ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ክፍል በመካከል ሳይሆን በዙሪያው ነውና። ይህን የተማረ ሰው በዚያው በአመዱ ውስጥ እጥፋቱን፣ ጥቁሩን ጉድጓድ፣ በልቡም የተቀመጡትን አራቱን ትንንሽ ከዋክብት ባንድነት ያያል። ካሜራው ግን የዳሩን ደካማ ብርሃን ሲያጠራቅም መካከሉን አቃጥሎ ነጭ ያደርገዋል፤ ይህንም ለማዳን ብዙ ሥዕል አንሥቶ መደራረብ ያስፈልጋል። እንግዲህ ዓይን ደካማ ነው ማለትና ዓይን ያልተማረ ነው ማለት ሁለት ነገር ነው። ዳዊት ያልደገመ ልጅ መጽሐፉ ጠቆረብኝ ቢል፣ ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም።

በአብነት ትምህርት ቤት የታወቀ ሥርዓት አለ። ተማሪ አስቀድሞ ንባብ ይማራል፤ ከንባብ ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ቅኔ፣ ከቅኔ በኋላ ወደ መጻሕፍት ቤት ገብቶ ትርጓሜ ይሰማል። ንባቡን ሳያውቅ ትርጓሜውን በቃሉ ያጠና ሰው ቢገኝ፣ ሊቃውንቱ እንደ ተማረ አይቈጥሩትም፤ ለሰው የነገረው ነገር እውነት ቢሆንም እንኳ ከየት እንደ ወጣ አያውቅምና። የሰማይም ትምህርት እንዲሁ ነው። በዓይን ማየት ንባብ ነው፤ ፎቶግራፍ ትርጓሜ ነው። ትርጓሜ ከንባብ ይሰፋል፣ ይጠልቃል፣ የተሰወረውን ይገልጣል፤ ይህን የሚክድ የለም። ንባብን ግን አይተካም። የካሜራው ወገን ስሕተት ፎቶግራፍን ማክበሩ አይደለም፤ ተማሪውን ከበር ወስዶ በቀጥታ መጻሕፍት ቤት ማስቀመጡ ነው።

ይህ ሥርዓት ለምሳሌ ብቻ የተነገረ እንዳይመስል፣ የዘመናዊው ሥነ ፈለክ ታሪክ ራሱ ይመስክር። ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የጥንት ግሪኮች በሰሜን ሰማይ ያሉትን ከዋክብት በኢትዮጵያ ነገሥታት ስም ጠርተዋቸዋል፤ ንጉሡ ኬፌዎስ፣ ንግሥቲቱ ካሲዮፔያ፣ ልጃቸው አንድሮሜዳ ትባላለች። በ1784 ጆን ጉድሪክ የሚባል መስማት የተሳነው የእንግሊዝ ጎልማሳ፣ በኬፌዎስ ካሉት ከዋክብት አንዱ ብርሃኑ ሲጨምርና ሲቀንስ አየ። መሣሪያው ዓይኑ ነበረ፤ ኮከቡን በአጠገቡ ካሉት ጋራ እያስተያየ ሌሊት ለሌሊት ጻፈ፤ በየ5 ቀን ከ9 ሰዓት ገደማ ወደ ነበረበት እንደሚመለስም ዐወቀ። እርሱ በ1786 ገና በ21 ዓመቱ ሞተ። ከዚህ በኋላ ፎቶግራፍ ወደ ሥነ ፈለክ ገባ፤ በ1880 ሄንሪ ድሬፐር የኦሪዮንን ደመና 51 ደቂቃ ብርሃን አስጠራቅሞ አነሣው፤ በ1883 ደግሞ ኮመን የሚባለው እንግሊዛዊ ባነሣው ሥዕል ላይ ዓይን በዚያው መነጽር ያላየቻቸው ከዋክብት ወጡ። በአሜሪካ በሃርቫርድ የምትሠራ ሄንሪታ ሌቪት የምትባል ሴት፣ በመስተዋት ሰሌዳ ላይ የተነሡትን ሥዕሎች እያነጻጸረች፣ እንደ ኬፌዎስ ኮከብ ብርሃናቸው የሚለዋወጥ ከዋክብት ዙራቸው በረዘመ መጠን እውነተኛ ብርሃናቸውም እንደሚበዛ በ1912 ገለጠች። በ1923 ኤድዊን ሀብል ከነዚሁ ኮከቦች አንዱን በአንድሮሜዳ ውስጥ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ አገኘና፣ ያች ደመና የምትመስለው ብርሃን ከዚህ ሰማይ ከዋክብት ውጭ ያለች ሌላ የከዋክብት ዓለም መሆኗን በርቀቷ አስረዳ።

እነሆ፣ አባቲቱንም ልጂቱንም ግሪኮች ኢትዮጵያውያን ብለዋቸዋል። በአባትየው ዘንድ ንባቡን ያነበበ የጉድሪክ ዓይን ነው፤ በልጂቱ ዘንድ ትርጓሜውን የፈታ የሀብል ሰሌዳ ነው። ልጂቱንም ቢሆን አስቀድሞ ያያት ዓይን ነው፤ የፋርስ ሊቅ አስ ሱፊ ትንሽ ደመና ብሎ በ964 ጽፏታልና። ጉድሪክ ባያይ ሌቪት ምን ብላ ትፈልግ ነበር? ሌቪት ባትመረምር ሀብል ሰሌዳውን አንሥቶ ምን ብሎ ያነበው ነበር? የካሜራው ወገን ታሪኩን ከመካከሉ ጀምሮ ስለሚተርከው ሁሉንም ለሰሌዳው ይሰጣል።

ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ደግሞ በቅርብ ዘመን አለ። በየካቲት 17 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ይኸውም በፈረንጅ በ1987፣ ኢያን ሼልተን የሚባል የካናዳ ሰው በቺሊ አገር በላስ ካምፓናስ ተራራ ላይ ታላቁ የማጄላን ደመና የተባለውን የደቡብ ሰማይ ብርሃን ፎቶግራፍ አነሣ። ሰሌዳውን አጥቦ ቢያየው ከዚህ በፊት ያልነበረ ብሩህ ነጥብ አገኘበት። ምናልባት የሰሌዳው ጉድፍ ይሆናል ብሎ ተጠራጠረ። ከዚያ ምን አደረገ? ሁለተኛ ሥዕል እስኪያነሣ አልቆየም፤ ወደ ደጅ ወጣና ቀና ብሎ አየ። ኮከቡም በዚያ ነበረ። ፈንድቶ የሚያበራ ኮከብ ያለ መነጽር ሲታይ ከ1604 ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ሌሊት በዚያው ተራራ ኦስካር ዱሃልዴ የሚባል የመነጽር ሠራተኛ ለጥቂት ጊዜ ወደ ደጅ ወጥቶ ሰማዩን ሲያይ፣ አዲሱን ኮከብ በዓይኑ ብቻ አስቀድሞ አይቶት ነበር፤ ሰማዩን ያውቀዋልና ያልነበረውን ለየ። ነገር ግን ወዲያው አልተናገረም። በዚህ ታሪክ ሁለቱም ወገን የሚያፍርበት አለው። ያየው ሰው ስለ ዘገየ ምስክርነቱ ኋላ ቀረ፤ ያነሣው ሰውም በሰሌዳው ላይ ያለውን በዓይኑ እስኪያረጋግጥ ድረስ አላመነም።

ያው የማጄላን ደመና ከሐዋሳም ይታያል። ከተማይቱ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ስለ ሆነች፣ በጥርና በየካቲት ምሽት ከመብራት ርቆ ወደ ደቡብ ለሚያይ ሰው ከአድማስ 14 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይወጣል። በግንቦት ምሽት መስቀል የሚመስሉት አራቱ የደቡብ ከዋክብት ይወጣሉ፤ በሰሜን ደግሞ የዋልታው ኮከብ ከአድማስ 7 ዲግሪ ላይ ቆሞ ይታያል። የሰሜንም የደቡብም ሰማይ ባንድነት የተገለጠለት አገር በዓለም ላይ ጥቂት ነው። በለንደን የሚኖር ሰው የደቡቡን መስቀል በፎቶግራፍ እንጂ በሌላ አያውቀውም፤ እርሱ ቢያመካኝ ያምርበታል። በሐይቅ ዳር ተቀምጦ በእንግሊዝ ሰው ማመካኛ የሚያመካኝ ግን ምን ይባላል?

የካሜራው ወገን፦ ዓይን ያታልላል ብሎ የማርስን ነገር ይጠቅሳል። እውነት ነው፤ በ1877 የኢጣልያው ስኪያፓሬሊ በማርስ ላይ ቀጫጭን መስመሮች አየሁ አለ፤ ከእርሱም በኋላ አሜሪካዊው ፐርሲቫል ሎዌል መስመሮቹ የተማሩ ፍጡራን የቈፈሩአቸው የውሃ ቦዮች ናቸው ብሎ መጻሕፍት ጻፈ። መስመር ግን አልነበረም። ይሁን እንጂ ከሳሹ ታሪኩን ሙሉ አይናገርም። በ1905 በሎዌል መመልከቻ የማርስ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ የሎዌል ወገኖችም ቦዮቹ በፎቶግራፍ ተረጋገጡ ብለው በዓለም ሁሉ አስነገሩ። ስሕተቱን ያፈረሰው ማን ነው ቢሉ፣ በ1909 በፈረንሳይ በሜዶን በሚገኘው 83 ሴንቲ ሜትር በሆነው ትልቅ መነጽር ዓይኑን አስጠግቶ ያየው አንቶኒያዲ ነው፤ አየሩ በጠራበት ሌሊት መስመር የተባለው ሁሉ ተበታትኖ የማይቈጠር ዝርዝር ነጠብጣብ ሆኖ ታየው። በመጨረሻ በ1965 ማሪነር 4 የተባለችው መንኰራኵር በቅርብ ያነሣችው ፎቶግራፍ ነገሩን ዘጋው። እንግዲህ በአንዱ ነገር ዓይንም ሳተ፣ ፎቶግራፍም ሳተ፤ ዓይንም አረመ፣ ፎቶግራፍም አረመ። ለመሳት ምክንያት የሆነው መሣሪያው ሳይሆን ሊያገኘው የሚሻውን አስቀድሞ በልቡ የጨረሰ ሰው ነው።

ከካህናቱም ወገን ስለ ቶማስ የተነገረውን አንሥቶ፦ ሳያይ የሚያምን ይሻላል፣ ስለዚህ በመነጽር ለማየት መሽቀዳደም የቶማስ ጥርጥር ነው የሚል አይታጣም። ይህ ቃሉን ከቦታው ማንሣት ነው። ያ ቃል የተነገረው ስለ ሃይማኖት ነው፤ ሃይማኖትም በእግዚአብሔር እንጂ በካሜራ አይደለም። የፍጥረት ነገር ግን እንዲታይ የተሰጠ ነው። ዳዊት ስለ ሰማያት የዘመረው ሌሊት መንጋ ሲጠብቅ ቀና ብሎ ያየውን ነው እንጂ ሰው የነገረውን አይደለም። በሐዋሳ ራሷ በሐይቁ ዳር ያለው ኮረብታ ታቦር ተብሎ ተሰይሟል፤ ስሙን ያወጣ ሰው በዚያ በስሙ በተጠራበት ተራራ ብርሃኑን በዓይናቸው ስላዩት ሦስት ደቀ መዛሙርት ሳያስብ አልቀረም።

ይልቁንስ ሃይማኖት የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም የምስክር እውነተኛነት ነው። በዚህ የካሜራው ወገን የሚመልሰው ብዙ አለ። በ1995 በሀብል የጠፈር መነጽር የተነሣው፣ የፍጥረት ዓምዶች የተባለው የታወቀ ሥዕል፣ ቀለሙ ዓይን የሚያየው ቀለም አይደለም፤ ከድኝ፣ ከሃይድሮጅንና ከኦክሲጅን የሚወጣው ብርሃን በየተራ ተነሥቶ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ተብሎ የተመደበ ነው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወደ ሰማይ የወጣው ጀምስ ዌብ የሚያነሣው ደግሞ አብዛኛው የሰው ዓይን ከቶ የማያየው ከቀይ በታች ያለ ብርሃን ነው። ይህ ውሸት አይደለም፤ ትርጓሜ ነው። ሊቃውንቱም እንዲህ አደረግን ብለው ይጽፋሉ። ውሸት የሚሆነው ሥዕሉን ለሕዝብ የሚያሳየው ሰው ይህን ሳይናገር፣ ሰማይ እንዲህ ነው፣ ወጥታችሁ ብታዩ እንዲህ ታያላችሁ ብሎ ሲያስተምር ነው። ያን የሰማ ልጅ በመነጽር ባየ ጊዜ አመዱን አግኝቶ ያዝናል፤ ከዚያ በኋላም ሁለተኛ አያይም። ብዙ ጊዜ ዓይን ደካማ ነው የሚለውን ወሬ የሚያመጣው ይህ ኀዘን ነው እንጂ ዓይኑ አይደለም።

ከዚህ የከፋ ደግሞ አለ። በ2023 አንድ ሰው የጨረቃን ሥዕል ሆን ብሎ አደብዝዞ በኮምፒዩተር መስኮት ላይ አኖረና ከሩቅ በስልኩ አነሣው፤ ስልኩም በተደበዘዘው ሥዕል ላይ ያልነበረውን ጉድጓድና ጥላ ጨምሮ ጥርት ያለች ጨረቃ አወጣለት። ስልኩ ጨረቃ ምን እንደምትመስል አስቀድሞ ተምሮ ነበርና ያላየውን መሰከረ። ይህን ሥዕል ይዞ በሐይቅ ዳር ጨረቃን አነሣሁ የሚል ሰው፣ ሳያውቅ የሐሰት ምስክር ቆሟል። በመነጽር በዓይኑ ያያት ሰው ግን፣ በጨለማውና በብርሃኑ ድንበር ላይ የተራሮቹ ጫፍ በየደቂቃው ሲበራ ያየ ሰው፣ ማን እንደ ጨመረና ማን እንደ ቀነሰ ሊመረምር ይችላል። ንባብ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ ንባቡን የማያውቅ፣ ተርጓሚው ቢሳሳትም ቢጨምርም አያውቅበትም።

ለሁለተኛው ወገን፣ ያላየሁትን አላምንም ለሚለው፣ ጥቂት ቃል ይበቃዋል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የዓለም የሥነ ፈለክ ማኅበር አገሮች ሁሉ አንዳንድ ኮከብና በዙሪያው የሚዞረውን ዓለም ስም እንዲያወጡ ባደረገ ጊዜ፣ ለኢትዮጵያ በዚያችው በአንድሮሜዳ ያለ ኮከብ ደርሷት ኮከቡን ቡና፣ ዓለሙን አቦል ብላ ሰየመች። ቡና የተባለው ኮከብ ለዓይን ብቻ አይታይም፤ በትንሽ የእጅ መነጽር ግን ይታያል። አቦልን ግን ማንም አላየው፣ ማንም ፎቶግራፍ አላነሣው። የታወቀው የኮከቡ ብርሃን በመሣሪያ ተዘርዝሮ፣ ኮከቡ ወዲህና ወዲያ መናወጡ ተለክቶ ነው። ያላየሁትን አላምንም የሚል ሰው እንግዲህ ቡናውን ጠጥቶ አቦሉን ሊክድ ነው። ፎቶግራፍ የሚሰጠውም ታላቅ ነገር አይካድም፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት የተነሣ ሰሌዳ ዛሬ እንደ ገና ይመረመራል፤ የዓይን ራእይ ግን ካልተጻፈ ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል። ዓይናቸው በሞራ የተጋረደ አረጋውያንም ሳተርንን የሚያዩት በሥዕል ብቻ ነው፤ ለእነርሱ ካሜራው ምሕረት ነው። የፀሐይንም ነገር ለዓይን መተው ሞት ነው፤ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በላሊበላ ላይ እንደ ቀለበት በሆነች ጊዜ ያለ መከላከያ ያየ ሰው ለዘለቄታው ዓይኑን ሊያጣ ይችል ነበር፤ በመነጽር አሻግሮ ማየት ደግሞ በቅጽበት ያሳውራል።

በእንጦጦ ተራራ ላይ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የቆሙት፣ መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት መነጽሮችም ሥራቸው የካሜራና ብርሃንን የመዘርዘር ሥራ ነው፤ ሊሆንም ይገባል። ማንም ሰው እነዚያን መነጽሮች ለጎብኚ ዓይን ብቻ ይዋሉ አይልም። የመጻሕፍት ቤት መምህር ፊደል እንዲያስቈጥር አይታዘዝም። ነገር ግን ፊደል የሚያስቈጥር ከሌለ፣ ለመጻሕፍት ቤት ተማሪ ከየት ይመጣል?

ሊቃውንቱም ከነቀፋ አያመልጡም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ መሆኑ ለቤተ ክርስቲያን ክብር ነው ተብሎ ይነገራል። ፀሐይ በስድስት የምሥራቅ በሮች ወጥታ በስድስት የምዕራብ በሮች እንደምትገባ የሚናገረው ክፍል ግን ከአድማስ ጋራ ፊት ለፊት ቆሞ ዓመቱን ሙሉ ያየ ሰው ንግግር ነው። በሐይቅ ዳር የቆመ ካህን እነዚያን በሮች ያለ መነጽር ሊያያቸው ይችላል፤ ሐይቁ ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ ነውና ፀሐይ በታኅሣሥ ከማዶው ዳርቻ ወደ ግራ፣ በሰኔ ወደ ቀኝ ስትገባ ታሳየዋለች፤ በሁለቱም መካከል ያለው ስፋት 47 ዲግሪ ያህል ነው። ስንቱ አይቶታል? መጥቅዕና አበቅቴ በጣቱ የሚያወጣ፣ ባሕረ ሐሳብን በቃሉ የሚያስኬድ ሊቅ ብዙ ነው፤ በሒሳብ የወጣው የፋሲካ ጨረቃ ሙላት ዛሬ በሰማይ ከሚታየው ሙላት 4 ወይም 5 ቀን እንደሚዘገይ ቀና ብሎ ያየ ግን ጥቂት ነው። ይህ የአባቶችን ሥርዓት መንቀፍ አይደለም፤ በዓል ለአንድነት የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ በሒሳብ መጽሐፉ ብቻ የሚያምን ሊቅ፣ በስልኩ ሥዕል ብቻ የሚያምነውን ወጣት ሊነቅፍ አፍ የለውም።

በዚህ ነገር ለካህናት ምሳሌ የሚሆን ሰው በአውስትራሊያ ነበረ። ሮበርት ኤቫንስ ይባላል፤ የአንድ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበረ፤ በ2022 አረፈ። ይህ ሰው ከቤቱ ግቢ በ25 ሴንቲ ሜትር መነጽር ጀምሮ፣ የብዙ መቶ ጋላክሲዎችን መልክና በዙሪያቸው ያሉትን ከዋክብት አቀማመጥ በቃሉ አጠና። መነጽሩን ከአንዱ ወደ አንዱ እያዞረ ያያል፤ በቃሉ ካጠናው የተለየ አንድ ነጥብ ሲያገኝ ያ ፈንድቶ የሚያበራ ኮከብ ነው። በዚህ ዓይነት ከ40 በላይ አግኝቷል። የድጓን ዜማ ከነምልክቱ በቃል ለሚይዝ፣ ከመቶ ቅኔ መካከል የተሰረቀውን አንድ ቤት ለሚለይ አእምሮ ይህ ሥራ እንግዳ አይደለም። ዛሬ ሌሊቱን ሁሉ ሰማዩን የሚያነሡና በራሳቸው የሚያነጻጽሩ መሣሪያዎች ከእርሱ እጅግ የበለጠ ያገኛሉ፤ ይህም ደግ ነው። ግን መሣሪያው በቃሉ ያጠናው ነገር ለሰው ትምህርት አይሆንም።

ወደ ገንዘቡ ነገር እንመለስ ከተባለ፣ ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ ሞተር የሌለው መነጽር ኮከቡን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያጣዋል። ለዓይን ይህ ምንም አይደለም፤ ተመልካቹ በእጁ ጥቂት ይገፋዋል፤ በመግፋቱም ሰማይ እንደ ምን እንደምትዞር በክንዱ ይማራል። ረዥም ሰዓት ለሚወስድ ፎቶግራፍ ግን የምድርን መዞር በትክክል እየተከተለ መነጽሩን የሚያዞር ከባድ እግርና ሞተር፣ ካሜራና ኮምፒዩተር ያስፈልጋል፤ የዚህ ሁሉ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከመነጽሩ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ለአንድ ካሜራና እግር የሚወጣው ገንዘብ ለብዙ ትምህርት ቤት ሞተር የሌላቸው ቀላል መነጽሮች ይገዛል። ገንዘብ የሚያዋጡ ነጋዴዎችና የትምህርት ሹማምንት፣ በስልክ የሚላክ ሥዕል ስለሚያምራቸው የፊተኛውን እንዳይመርጡ ይጠንቀቁ።

አንድ መነጽር ብቻ በተገኘበት ደግሞ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሕዝብ ዓይን ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ሕፃናቱ ሲተኙ ካሜራው ይግጠም፤ ሌሊቱ ረዥም ነው። የተነሣውም ሥዕል ሁሉ እንደ ብራና መጽሐፍ መጨረሻ ይጻፍበት፤ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቦታ፣ ስንት ደቂቃ ብርሃን ተጠራቅሞ፣ ቀለሙስ የተፈጥሮ ነው ወይስ የተመደበ። የሚያይም ሰው ባዶ እጁን አይቁም፤ ወረቀትና እርሳስ ይያዝ፤ ጋሊሌዎ በ1610 የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያስታወቀው በየሌሊቱ በእጁ በሣለው ነጥብ ነውና። በሐዋሳ ዝናሙ አልፎ ሰማዩ የሚጠራው ከጥቅምት በኋላ ነው፤ በሐይቁ ዳር የሚነሣው ጤዛ መስተዋቱን እንዳያደበዝዘው ይጠበቅ፤ በመንገዱ ዳር የሚበሩት መብራቶችም ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ቢጋረዱ ለሰልፉ ይበቃል።